የ«ጠሪዋ እንስራ» ጸሐፊ

መምህር ቢያዝን ሞተ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተነግሮኛል። በመጀመሪያው ጊዜ የያዝሁትን ጠመኔ ጥዬ እየሮጥሁ ወጣሁ፤ ውሸት ነበር። ሁለተኛው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እንጅባራ መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ሽበታም ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና «መምህርት አስካለ አይደሉም? ተማሪዎ ነበርሁ። መምህር ቢያዝን እኮ ትናንት ዐረፉ» አለኝ። እንደ ሰው ማልቀስ ሲገባኝ «እርግጠኛ ነህ? በዓይንህ አይተሃል?» እያልሁ አፋጠጥሁት። ሰውዬው ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

ስለዚህ ሰው ሳስብ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሆነው። ደግ ነበር ወይ? ነበር። ሰው ጎድቷል ወይ? ጎድቷል። ሁለቱ እንዴት አንድ ሰው ውስጥ እንደተኙ ዛሬም በወጉ አልገባኝም። የማውቀውን እንደ ሆነው አድርጌ ልናገር፤ የሚገባው ሰው ካለ ይግባው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ዳንግላ አንደኛ ክፍል ላስተምር ስመጣ ገና ልጅ እግር ነበርሁ። ከተማው አማርኛ ያወራል፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ ግን አገሩ አገውኛ ነው። እኔ ደግሞ አገውኛ አልሰማም። በገበያ ቀን ግማሹ ጨዋታ በጆሮዬ አጠገብ ያልፍ ነበር። ያኔ ብዙም አላስጨነቀኝም። በኋላ ግን በዕድሜዬ ካየሁት ነገር ሁሉ ትልቁ፣ ዓይኔ እያየ ሳይገባኝ የቀረው በዚሁ የተነሣ ነው።

ቢያዝን የአማርኛ መምህር ነበር። ትውልዱ ከእንጅባራ አለፍ ብሎ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለ መንደር ነው። ከእሱ በፊት የወለዷቸው ልጆች ስለሞቱባቸው ስሙን እናቱ ናቸው ያወጡለት። ረዥም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲስቅ አፉን በመሀረብ የሚሸፍን ሰው። ከእኔ በዕድሜ ይበልጥ ነበርና መጀመሪያ አንቱ አልሁት። «አንቱ ስትይኝ ከኋላዬ ሽማግሌ የቆመ እየመሰለኝ እዞራለሁ» ብሎ ከለከለኝ። ጋሼ እያልሁ አንተ ማለት ጀመርሁ፤ በዚያው ቀረ።

ይህ ሰው አስፈሪ ታሪክ ይጽፍ ነበር። ምክር አይጽፍ፣ ተግሣጽ አይጽፍ፣ ፍቅር አይጽፍ፤ የሚያስፈራ ብቻ። መጽሐፎቹ ኪስ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። አዲስ አበባ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ያትምለትና በአውቶቡስ ተጭነው ይመጣሉ። ዳንግላ ላይ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነው፤ መስማት የሚችለው ግን ሁሉም ነው። በገበያ ቀን ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ አንዱ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ትንፋሽ ሲወስድ ሌላው ለገጠሬው በአገውኛ ይተረጉማል። ገበሬው የፈረሱን ልጓም እንደያዘ ቆሞ ያዳምጣል። ሲያልቅ «እግዚኦ!» ይባላል፣ ይሳቃል፤ ወደ ቤት የሚኬደው ግን ሰብሰብ ተብሎ ነው።

የሚገርመው፣ ራሱ ቢያዝን የለየለት ፈሪ ነበር። ውሻ ከጮኸ መንገድ ይቀይራል። በር ድንገት ከተዘጋ ከወንበሩ ይነሣል። አንድ ቀን ከሰሌዳው ሥር እንቁራሪት ብቅ ብላ፣ ተማሪዎቹ እስኪያስወጡለት ድረስ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ጠበቀ። ስንስቅበት አልተቀየመም። «ፈሪ ያልሆነ ሰው ማስፈራት አይችልም። ጀግና ምን ያውቃል?» ይለን ነበር።

ሰዋስው ሲያስተምር እንኳ አመሉን አይተውም። «ጅቡ በሩን አንኳኳ» ብሎ ሰሌዳው ላይ ይጽፍና «ባለቤቱ ማን ነው?» ይላል። አንዱ ተማሪ ተነሥቶ «የቤቱ ባለቤት አልተነገረንም፤ ተበልቶ ይሆናል» አለው። ቢያዝን መሀረቡን አፉ ላይ ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ። የእሱ ተማሪዎች የዓረፍተ ነገር ባለቤት ጠፍቷቸው አያውቅም።

አዲስ ታሪክ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚያነበው ለእኛ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በሻይ ሰዓት ነበር። እያነበበ ቀና ሲል ፊታችንን አያይም፤ እጃችንን ነው የሚያይ። «ፊት ይዋሻል» ይለኝ ነበር። «እጅ ግን የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።» አንዳችን ቁልፋችንን ወይም ነጠላችንን ጨበጥ ካደረግን፣ እዚያ ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። እጃችን ዝም ካለ ይሰርዘዋል።

የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ዓመት ፍሥሐ የሚባል ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ተመድቦ መጣ። መነጽር ያደርጋል፣ ቶሎ ቶሎ ይናገራል፣ ልቡ ግን ንጹሕ ነው። ለመመረቂያው የሚያጠናው ተራው ሰው የሚወድዳቸውን ጸሐፊዎች ነበር። «ስለ ታላላቆቹማ ሁሉም ይጽፋል» አለን በመጣ ሰሞን። «እኔ የምፈልገው ሰው በእርግጥ የሚያነበውን ነው። ምሁራኑ የሚንቁትን፣ በኪስ የሚገባውን።» ቢያዝንን ሲያገኘው ጠፍቶበት የኖረ ዘመዱን ያገኘ መሰለ። በየሻይ ሰዓቱ አጠገቡ ይቀመጣል።

«በሥራዎችዎ ውስጥ ያለው ፍርሃት ምንጩ ምን ይመስልዎታል?» ይለዋል።

«እንጃ» ይላል ቢያዝን። «እኔ መጀመሪያ ብዙ እጽፋለሁ። ከዚያ የማያስፈራውን እሰርዛለሁ። የቀረው እሱ ነው።»

ፍሥሐ በጥድፊያ ይጽፋል። ቢያዝን ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ምን አልሁ?» በሚል ዓይን ያየኛል። ግን ደስ ብሎት ነበር። በዕድሜው «ሥራዎችዎ» ያለው ሰው አልነበረም።

በዚያ ክረምት «ጠሪዋ እንስራ» ታትሞ መጣ። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት ሸክላ ሠሪ ከዘንገና ዳር ጭቃ ቆፍራ እንስራ ትሠራለች። እንስራው የገባበት ቤት ሰው ሲወጣና ጸጥ ሲል፣ የቀረውን ሰው በሞተ ዘመዱ ድምፅ ይጠራዋል። «አቤት» ያለውን ሰው ውሃ የማይቆርጠው ጥም ይይዘዋል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤ አይመለስም። ከመታተሙ በፊት ማረፊያ ክፍል ሲያነብልን የሁላችንም እጅ የሆነ ነገር ጨብጦ ነበር። የፍሥሐ እርሳስ ተሰበረ።

ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ ማዶ፣ እትዬ ወርቄ የምትባል ሸክላ ሠሪ ከአንጥረኛ ባሏ ጋር ትኖር ነበር። የእጅ ሥራ ሰዎች ያኔ በምን ዓይን ይታዩ እንደ ነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ዕቃቸው ይገዛል፤ ቤታቸው ገብቶ እህል የሚቀምስ የለም። «ቡዳ» የሚለው ቃል ፊት ለፊት አይነገራቸውም፤ ከኋላቸው ግን አይቀርም።

ክረምቱ አልፎ በአንድ የገበያ ቀን እትዬ ወርቄ እንደ ልማዷ እንስራዎቿን ደርድራ ተቀምጣለች። እኔም ድስት ልገዛት አጠገቧ ቆሜአለሁ። አንድ ጎረምሳ ለቀልድ እንስራ አንሥቶ አፉን ወደ ጆሮው አስጠጋና «ማንን ትጠሪያለሽ?» አለ። ሰው ሳቀ። ወዲያው ነፋስ መጣ። ነፋስ የእንስራ አፍ ላይ ሲያልፍ ሁልጊዜም ያጉረመርማል፤ ሁላችንም ልጅ ሆነን የሰማነው ድምፅ ነው። ያን ቀን ግን አንዲት ሴት ጮኸች። ጎረምሳው እንስራውን ወረወረው። ከዚያ ድንጋይ ከየት እንደ መጣ አላየሁም። እትዬ ወርቄ የተሰባበረ ሸክላ መካከል ራሷን በክንዷ ሸፍና ተቀምጣለች።

ሄጄ ለቢያዝን ነገርሁት።

«ወርቄ?» አለ። «እሷ እኮ አንድም ቀን ትዝ አላለችኝም። ታሪኩ ውስጥ ሸክላ ሠሪ ያስገባሁት እንስራው ሠሪ ስለሚያስፈልገው ነው። አስካለ፣ እንስራ ሠሪ አያስፈልገውም?»

«ያስፈልገዋል» አልሁት።

ያኔውኑ ተነሥቶ ልብስ ሰፊው በረንዳ ሄደ። ታሪኩን ከራሱ እንዳወጣው፣ እንዲህ ያለ እንስራ እንደሌለ ነገራቸው። ሳቁበት። «እንዲህ ያለውን ነገር ከራሱ የሚያወጣ ሰው አለ? አይተህ ነው እንጂ!» አሉት። በማግስቱም ሄደ፤ በሌላ ገበያም ሄደ። ውሸት ነው ባለ ቁጥር ሰው «አስፈራርተውት ነው» እያለ ይበልጥ አመነ።

ጥቅምት ሲገባ ተስቦ ከተማው ውስጥ ገባ። ትኩሳቱ ሲበረታ ልጆች ይቃዣሉ፤ ይህም ያለ ነው። አያ ተሰማ የሚባሉ፣ ማንንም ክፉ ተናግረው የማያውቁ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ገበሬ ነበሩ። ትንሹ ልጃቸው በትኩሳት ተይዞ ሳለ ማንም ሳይጠራው «አቤት!» አለ። «ውሃ» አለ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ወንዙ ማዶ ወረደ። ቢያዝን ይህን ሲሰማ ጋቢውን እየጎተተ ሮጠ፤ እኔና ፍሥሐ ተከተልነው። ስንደርስ እትዬ ወርቄ በሯ ላይ ቆማለች። ባሏ አጠገቧ ባዶ እጁን ቆሟል። ከፊት አያ ተሰማ ናቸው። ዱላ እንኳ አልያዙም። ከኋላቸው ያለው ግን ይዟል።

ቢያዝን መካከል ገብቶ ቆመ። እያለከለከ «አያ ተሰማ፣ እኔ ነኝ የፈጠርሁት። ውሸት ነው» አላቸው።

አያ ተሰማ አዩት። «ውሸት ከሆነ ለምን አስፈራን?»

ቢያዝን አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ቀረበ።

«ልጄ አቤት አለ» አሉ አያ ተሰማ። «እኔ ነኝ አጠገቡ የነበርሁ። አንተ አልነበርህም። እንግዲህ ከእኔ ጆሮና ከአንተ አፍ የቱን ልመን?»

ያን ጊዜ ቢያዝን ወደ አገውኛ ተሻገረ። ረዥም ተናገረ። ድምፁ የማውቀው የማረፊያ ክፍሉ ድምፅ አልነበረም፤ አንዴ ዝቅ ይላል፣ አንዴ የሚያለቅስ ይመስላል። ከሴቶቹ አንዷ አፏን ያዘች። እኔ የሰማሁት «ዘንገና» የሚለውን ስም ብቻ ነው። ከዚያ፣ እንቁራሪት የሚፈራው ሰው፣ ግድግዳው ሥር ውሃ ከያዘው እንስራ አጠገብ ተንበረከከና አፉን በእንስራው አፍ ላይ ገጥሞ «ቢያዝን!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ውስጥ ለውስጥ ዞሮ ወፍሮ ወጣ። ቀና አለና ሁሉም እንዲሰማው «አቤት!» አለ። ከእንስራው ቀድቶ ጠጣ።

አያ ተሰማ «እንግዲህ እናያለን» ብለው ዞሩ። ሰውም ተከተላቸው።

ቢያዝን ከቤቱ ጀርባ ዞሮ አስታወከ። እትዬ ወርቄ ውሃ አምጥታ ፊቱን አጠበችለት። «መምህር፣ ለምን ብለው እንዲህ አደረጉ?» አለችው። ስለ መጻፉ ይሁን ስለ መጠጣቱ እንደ ጠየቀችው አላወቅሁም፤ እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

በአገውኛ ምን እንዳለ በኋላ ሰዎችን ጠየቅሁ። ልብስ ሰፊው «ምሎ ተገዘተ» አለኝ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ረገማቸው እኮ» አለኝ። የፍሥሐ አስተርጓሚ ደግሞ «ታሪኩን እንደ ገና ነው የተረከላቸው፤ ጨርሶ አሳምሮ» አለ። ራሱን ቢያዝንን ስጠይቀው «አላስታውስም፤ እናቴ የምትለውን ነገር ያልሁ ይመስለኛል» አለኝ።

«እናያለን» ማለት፣ ቢያዝን ይሞት እንደ ሆነ እናያለን ማለት ነበር። እሱም ሳምንት ሳይሞላው በተስቦ ተያዘ።

ጤና ጣቢያው ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነበር። በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰርና፣ ከክፍል ስወጣ፣ እኔ እየተተካን እናስታምመው ነበር። ትኩሳቱ ሻል ሲለው እጄን ያዘኝ። «አስካለ፣ ዘንድሮ ሞት እንኳ የራሴ አይደለም» አለኝ። «እኔ ከሞትሁ እሷን ይገድሏታል። ደግሞ ስቃዥ አቤት ካልሁ፣ በሽተኛው ሁሉ ይሰማል። አፌን ያዢልኝ።» ከዚያ ወዲያ ከንፈሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፎጣ ይዤ እቀርባለሁ። በትኩሳቱ ውስጥ የሚናገረው ግን አገውኛ ነበር። ከተናገረው ውስጥ «አቤት» የሚል ይኑር አይኑር እኔ በምን ላውቅ? አጠገቡ የተኛው በሽተኛ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምን ሰምቶ እንደ ሆነ ልጠይቀው ፈራሁ። ያ በሽተኛ በማግስቱ ሞተ።

ለሕዝቡ የደረሰው ወሬ ግን የዚያ ሰው ሞት አልነበረም። ክፍል ውስጥ ሳለሁ ዘበኛው በመስኮት ብቅ ብሎ «መምህር ቢያዝን ሞቱ!» አለ። ሮጬ ስወጣ ሰው ወደ ወንዙ ሲወርድ አየሁ። እኔ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥሁ። ቢያዝን ዓይኑ ተከፍቶ ጣራውን ያያል።

«ሞተሃል እያሉ ነው» አልሁት።

«ተሸከሙኝ» አለ።

ድሬሰሩ «እብደት ነው፣ መንገድ ላይ ይሞትብናል» አለ። ቢያዝን «እዚህ ብኖርላት ምን ይጠቅማታል?» አለው። ፍሥሐ ደረሰ፤ ዘበኛው ደረሰ። ከቀርቀሃ በተሠራ ቃሬዛ አንሥተን፣ እኔም አንዱን ጫፍ ይዤ፣ ወንዙን ተሻገርን። ውሃው እስከ ጉልበቴ ነበር። ቢያዝን አንሶላ ለብሶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ተጋድሟል። ከሰዉ ኋላ ስንደርስ ክንዱን ተደግፎ ቁጭ አለ።

መጀመሪያ ያየችው ሴት አማተበች። ሁለተኛው ሰው «ሞቶ መጣ!» አለ። ከዚያ የሆነውን ስናገር የማታምኑኝ ይመስለኛል፤ ዱላ የያዘው ሰው ሁሉ ዱላውን ጥሎ ሸሸ። አጥር ዘለለ፣ ወንዝ ገባ፣ እየወደቀ ተነሣ። ቢያዝን በዕድሜው ሁሉ የጻፈው ያን ያህል ሰው አስፈርቶ አያውቅም። «አልሞትሁም!» ይላል በቀጭን ድምፅ፤ ድምፁ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። ፍሥሐ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ግን ወደ ለቅሶ ተቀየረበት።

ያልሸሹት አያ ተሰማ ብቻ ነበሩ። ቀስ ብለው መጡና መዳፋቸውን ቢያዝን ግንባር ላይ አደረጉ።

«ይሞቃል» አሉ። «የሞተ ሰው አይሞቅም።»

«አልሞትሁም፣ አያ ተሰማ።»

«ልጄም እንዲህ ነበር የሚሞቅ» አሉ። ከዚያ ቃሬዛው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ አላለቀሱም ነበር ይባላል። እትዬ ወርቄ ከቤት ወጥታ ራቅ ብላ ቆመች።

ቢያዝን ዳነ። እትዬ ወርቄን አልነኳትም ማለት ግን ኖረች ማለት አይደለም፤ ዕቃዋን የሚገዛ ጠፋ። መንገዱ ሲደርቅ ከባሏ ጋር ወደ ጫግኒ ለመውረድ ተነሣች። ቢያዝን እንድትቀር ለመናት። «መምህር፣ አንድ ጊዜ በቃሬዛ መጥተው አዳኑኝ። በየዓመቱ ሊታመሙልኝ ነው?» አለችው። ፈረስ ለምኖ ጓዛቸውን ጭኖ እስከ ቆላው አፋፍ ሸኛቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ቢያዝንን እንደ አንድ የተጸጸተ ሰው አድርጌ አስበው ነበር። አላለቀም። ፍሥሐ በግምጃ ቤትና በአዲስ ቅዳም ገጠር አስተርጓሚ ይዞ ሲዞር ሰንብቶ አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ማረፊያ ክፍል ገባ።

«ጋሼ ቢያዝን፣ ታሪኩ የእርስዎ አይደለም!» አለ። «ጥንታዊ ነው! የጠየቅኋቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ከአያቶቻቸው ሰምተውታል።»

«መቼ ነው የጠየቅሃቸው?»

«ሰሞኑን።»

«መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ነዋ።»

«ማንበብ አይችሉም እኮ!»

«መስማት ይችላሉ» አለ ቢያዝን። ከዚያ ሻዩን አነሣ።

ፍሥሐ አልተበገረም። አንዲት በጣም ያረጁ ሴት የነገሩትን አነበበለት። እንስራው መጀመሪያ የሚጠራው ሠሪዋን ራሷን ነው፤ እሷም ድምፁን አውቃ ዝም ትላለች። ይህን ስሰማ በመጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ አስታወስሁ። ቢያዝን ሻዩን አስቀመጠ። እጁን አየሁት፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጧል።

«ይህን እኔ ጽፌው ነበር» አለ። «ሰርዤዋለሁ። ለማንም አላነበብሁትም።»

ከዚያ ቀን በኋላ እሱም እንደ እኔ ግራ የገባው ሰው ሆነ። ወደ መንደሩ እየተመላለሰ እናቱን የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቀ፤ እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል፣ የዕድሜ እኩዮቻቸውም አልቀዋል። በልጅነቱ ከእሳቸው ሰምቶት ረስቶት ይሆን? ወይስ ሁለት ሰው አንድ ነገር ያስባል? ፍሥሐ ጥናቱን ጨርሶ ሲመረቅ አንድ ቅጂ ላከለት። ቢያዝንን «ደራሲ» አላለውም፤ «የቃል ታሪኮች ሰብሳቢ» ነው ያለው፤ ለክብሩ ብሎ። ቢያዝን ያን ገጽ አሳየኝ።

«ደራሲ ከሆንሁ ወርቄን ያሰደድኋት እኔ ነኝ» አለ። «ሰብሳቢ ከሆንሁ ንጹሕ ነኝ፤ ግን አንድም ነገር የእኔ አይደለም። አስካለ፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጪ ነበር?»

እኔ አልመረጥሁለትም። እሱም ከዚያ ወዲያ አልጻፈም።

ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውሬ ስሄድ አውቶቡስ ድረስ ሸኘኝ። ሁልጊዜ ልጠይቀው የምፈልገውን እዚያ ጠየቅሁት፤ ለምን የሚያስፈራ ብቻ ይጽፍ እንደ ነበር።

«በልጅነቴ እናቴ የሚያስፈራ ነገር ስታወራ ሁላችንም ተጠጋግተን እንቀመጥ ነበር» አለ። «ሰው ሲፈራ ይጠጋጋል ብዬ አሰብሁ። ድንጋይም እንደሚያነሣ አላወቅሁም።» ከዚያ ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ደንግጦ ዘለለ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሱ መሀረቡን አፉ ላይ ይዞ። በሕይወቱ ያየሁት መጨረሻ ይህ ነው።

ያ ሽበታም ተማሪዬ እንጅባራ ላይ ሲነግረኝ አውቶቡሴን ትቼ ወደ ዳንግላ ዞርሁ። ቀብሩ አልፎ ነበር፤ ድንኳኑ ግን ሙሉ ነው። የወንድሙ ልጆች ይቀበላሉ፤ እሱ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ከሐዘንተኞቹ መካከል፣ ከቤተ ዘመዱ ጋር መሬት ላይ፣ አንዲት እጅግ ያረጁ ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ጣቶቻቸው የተሰነጣጠቁ ናቸው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነው ያወቅኋቸው።

«እትዬ ወርቄ» አልሁ።

«ድስት ልትገዢኝ የነበርሽው» አሉኝ። ያን ማስታወሳቸው አስደነገጠኝ። ከዚያ እየተነፈሱ፣ ቀስ እያሉ አወሩኝ። ቢያዝን በየዓመቱ መንገዱ ሲደርቅ ጫግኒ ይወርድላቸው ነበር። ባላቸው ሲሞት አብሮ ቀብሯል። ቤታቸው ገብቶ ይበላ ነበር፤ ሰው እያየው፣ ሆን ብሎ በር ላይ ተቀምጦ። ጭቃ ማቡካት ጀምሮ እጁ እንዳልሆነለት ሲነግሩኝ ፈገግ አሉ።

«‹ይቅር አልሽው ወይ?› ብለው የጠየቁኝ ሰዎች አሉ» አሉኝ። «እኔ እንጃ። ያሰደደኝ እሱ፣ የጠየቀኝም እሱ። ሌላውማ አላሰደደኝም፣ ሌላውማ አልጠየቀኝም። ምን ልበለው? ዕድሜውን ሙሉ መጣ፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በር ከፈትሁለት።»

አንዲት የሠፈሩ ሴት ከኋላዬ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «እኒያ እናት የመምህር ምናቸው ናቸው?» አለችኝ።

ዘወር ብዬ እትዬ ወርቄን አየኋቸው። ሰምተዋል። ቀና አሉና «እኅቱ ነኝ» አሏት።

«እኅት እንዳላቸው አላውቅም ነበር» አለች ሴትዮዋ።

«እኔም አላውቅም ነበር» አሉ እትዬ ወርቄ፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው እንደ ገና ማልቀስ ጀመሩ።